የጋሽ ሙላት ሁለተኛ ስፌት

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእኛ ለጋዜጠኞች በተሰጠ መግለጫ፣ የወታደር ልብስ ከእንግዲህ በአገር ውስጥ ብቻ እንደሚሰፋ ተገለጸልን። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ዘጋቢ «ዋጋውስ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጥያቄ ከዶሃ አውቀዋለሁ።

ከኤርትራ ጋር በምንዋጋባቸው ዓመታት ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ በሚባለው የዶሃ ሰፈር በሚገኝ ስፌት ቤት ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። የምንሰፋው ለተሰደድንበት ለዚያው አገር ጦር ነው። በደንቡ መሠረት እዚያው ያልተሰፋ አይገዛም፤ ከውጭ ቢመጣ እንደሚረክስ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እንጀራችንም፣ ኢቃማ የምንለው የመኖሪያ ፈቃዳችንም የቆመው በዚያ ደንብ ላይ ነበር። ሐምሌ እኛ ዘንድ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። የማሽን ዘይትና ከታች ካለው ምግብ ቤት የሚወጣው የዓሣ ጥብስ ሽታ ልብሱ ላይ ይቀራል።

ዋናው ሰፊ ጋሽ ሙላት የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው ጦር ግንባር ነበር። ልጁ ከዘመተ ወዲህ የምንሰፋውን ሱሪ የእግር መሐል ስፌት ሁለት ጊዜ ይሰፉት ጀመር።

«ጋሽ ሙላት፣ ናሙናው ላይ እኮ አንድ መስመር ነው» አልኳቸው።

«አንተ ወታደር ሆነህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ዝም ብለህ ተኩስ።»

ሰፊዎቹ ሳቁ።

ባለቤቱ፣ ባባ የምንላቸው፣ «ያላ ሙላት፣ አንዱ ይበቃል፣ ኸላስ» ሲሏቸው ጋሽ ሙላት በተሰባበረ ዓረብኛ መለሱ። «የልጄን ልብስ ማን እንደሰፋው አላውቅም። ይህን የምሰፋው ግን እኔ ነኝ።»

በኋላ ደንቡ ላላ፤ የአገር ውስጡ ዋጋ እጅግ ከበለጠ ከውጭ ይገዛ ተባለ። ሥራው ባሕር ተሻገረ። ባባ ሁላችንም ፊት «ያከሰረን የሙላት ክር ነው» አሉ። ከዚያ ሰፊዎቹ ተበተኑ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው «የስፌት ቤቱን ልጆች እኔ ነኝ አይደል ከእንጀራቸው ያፈናቀልኳቸው?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። አላውቅምም ነበር።

ከማክሰኞው መግለጫ በኋላ ያኔ ለስፌት ቤቱ የጨረታውን ዋጋ ያወጣውን ሰው ፈልጌ አገኘሁት። እንደነገረኝ፣ ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉ ሁሉ በደላላ እጅ ከውጭ ይመጣ ስለነበር ነው ልብሱ የተወደደው። ሰፊዎቹ የወር ደመወዝተኞች ስለነበሩ ሁለተኛው ስፌት ክፍያ አልጨመረም፤ የጨረታው ዋጋም የገባው እሱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ቅዳሜ ይህን ልነግራቸው ደብረ ብርሃን ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ያ የዘመተው ልጃቸው ነው። አባቱ አምና አርፈዋል። ከዶሃ ከተመለሱ በኋላ መርፌ አልያዙም።