አስራ አንዱ ተቀባዮች

ወንድሜ ኢምራን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቁጭ ብሎ ምሳውን ሲጨርስ ግን አይቼው አላውቅም። ሁለቴ ይጎርስና ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ አንዴ ይጎርሳል፤ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ። እናታችን በሕይወት ሳለች «ይኼን ልጅ ምን ነክቶት ነው?» እንዳለች አለፈች። እኔ ታላቅ እህቱ ሀጀር ግን ምን እንደነካው አውቃለሁ። ዲፕ ሃውስ ነው።

ሙዚቃውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበል። ከታች አንድ ምት አለ፤ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ከሥሩ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ባስ፣ ከላይ ቀዝቀዝ ያለ ኪቦርድ። ግጥም እምብዛም የለውም፤ ሲኖረውም አንዱ ቃል ሃያ ጊዜ ይመላለሳል። መጀመሪያ ስሰማው ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ኢምራን በዚህ ምት ላይ አሮጌ ነገር ሁሉ ይጭንበታል፦ የባቲ ቅኝት፣ የድሮ ኦርጋን፣ የሠርግ ጭብጨባ፣ ማሲንቆ። ቀን ቀን ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ሱቅ ስልክ ይጠግናል፤ የቀረውን ጊዜ ቦሌ ቡልቡላ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሄድፎኑን ደፍቶ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲል አንድም ሰው «ና ተጫወት» ብሎት አያውቅም ነበር።

አባታችን ዓብዱ የወሎ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በሹፍርና ነው የጨረሰው። የድሮ ሰፈራችን ሳይፈርስ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታችን በሰው ይሞላ ነበር፤ ለመንዙማ። አባዬ ድቤውን እየመታ ይመራል፣ አስራ አንድ ጎረቤቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ኢምራን ያን ጊዜ ኳስ ሜዳ ነው። በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ሰዉ ሰሚት፣ ጎሮ፣ ቡልቡላ ተበታተነ። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ አባዬ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆነና ድምፁ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። መንዙማውም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ሐሙስ በእጃችን የቀረው አባዬ ሲመራ የተቀዳ አንድ ካሴት ነው። ለኢምራን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተር ላይ እንዲገለብጠው እንጂ ሌላ ነገር እንዲያደርግበት አልነበረም። ካሴቱ ሲገለበጥ መጨረሻው ላይ ተበጠሰ። ኢምራን ግን ቅጂውን ይዞ የአንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለይ ፕሮግራም ላይ ተጣደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአባዬን ድምፅ ለብቻው ለማውጣት ሠራ። ተቀባዮቹን «ያጨናንቁብኛል» ብሎ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ድቤው እየፈጠነ ስለሚሄድ ከማሽኑ ምት ጋር አልገጥም አለው፤ እሱንም አወጣው። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ሞላብኝ ብሎ የመጀመሪያውን ቅጂ ደመሰሰው። ችኩል ነው፤ ምን ልበል! የቀረው የአባዬ ድምፅ ብቻ፣ በዚያ ዱብ ዱብ ላይ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ስሰማው አለቀስኩ። በጣም ያምር ነበር።

ሠላሳ ሰከንዱን ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ሰገነት ላይ የቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅት የምታሰናዳ እንቁ የምትባል ልጅ ሰማችና ደወለችለት። «ይኼን ትራክ ይዘህ ና፤ የቀኑ ዋና አንተ ነህ» አለችው። አባዬን ሳይጠይቅ እሺ አለ። በማግስቱ ፖስተሩ ወጣ። «የዓብዱ ድምፅ በዲፕ ሃውስ» ይላል፤ ከስሙ አጠገብ የቢራ ጠርሙስ ተሥሏል።

«አብደሃል?» አልኩት። «የመንዙማ ድምፅ ቢራ አጠገብ? ያውም ሳይፈቅድ?»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«መቼ?»

«ነገ።»

ነገው አራት ቀን ፈጀ። እሱ ከሳሎን ወደ በረንዳ ይመላለሳል፤ እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንድ ጎረቤት ፖስተሩን አይቶ ለአባዬ የደወለ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። አባዬ እምቢ ካለ የሰባት ዓመት ልፋቱ ያስገኘለት ያች አንዲት ቅዳሜ ትቀርበታለች። ሳይነግረው ቀርቶ ከሰው ከሰማ ደግሞ አባቱን ያጣል። እኔም በሁለቱም ተናድጄ፣ ለሁለቱም አዝኜ እንቅልፍ አጣሁ።

ዓርብ አባዬ ከጁምዓ ሲመለስ ኢምራን ሄድፎኑን ራሱ ላይ አጠለቀለት። ትራኩ ስድስት ደቂቃ ነው። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ኢምራን ሦስት ጊዜ በረንዳ ወጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ፖስተሩን በስልኩ አሳየው።

አባዬ ሄድፎኑን አወለቀ። «መጠጥ ባለበት ድምፄ አይሰማም» አለ በዚያች በቀረችው ድምፁ። «ይኼ አንድ።»

ኢምራን ራሱን ነቀነቀ። ይኼንንስ ጠብቆት ነበር።

«ሁለተኛ፣ ሰዎቹ የት አሉ?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«እነእንድሪስ ናቸዋ! የሚቀበሉኝ።»

«አባዬ፣ ድምፃቸው ያንተን ይሸፍነው ነበር። ጥርት ብለህ እንድትሰማ ብዬ ነው ያወጣኋቸው።»

«መንዙማ ለብቻ አይባልም፣ ልጄ። እዚህ ውስጥ እጣራለሁ፣ እጣራለሁ፣ የሚመልስልኝ የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለሁበትን ኑሮ ነው የሠራኸው።»

ኢምራን ወጥቶ ለእንቁ ደወለ። ያለዚያ ትራክ ሌላ ሰው ብጠራ ይሻለኛል አለችው፤ እሺ አላት። ቅዳሜን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ዋለ፤ የሁለተኛ ፎቋ ሰኪና «ወንድምሽ ምን ጠፋበት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሰኞ ግን ተቀባዮቹን ፍለጋ ጀመረ። ሥራውን እየተወ በታክሲ ሰሚት ሄደ፣ ጎሮ ሄደ፣ እኛው ቡልቡላ ውስጥ ብሎክ ለብሎክ ዞረ። ከአስራ አንዱ አራቱ ሞተዋል፤ ሁለቱ ወሎ ገብተዋል። አምስቱን አገኘ። ለቅሶና ሠርግ የምናስተናግድበትን የኮንዶሚኒየሙን የጋራ አዳራሽ ለእሑድ ከሰዓት አስፈቀደ። ሐሳቡ የሽማግሌዎቹን ድምፅ ቀርጾ ወደ ትራኩ መመለስ ነበር። አባዬን ሲጠይቀው «ይምጡ» ብቻ አለ፤ ጠዋት ግን ድቤውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ሲጠርግ አየሁት።

አምስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ኢምራን ስፒከሩን ከፈተ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

«ምንድነው እሱ፣ ጄኔሬተር ነው?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ የአባዬ ድምፅ መጣ፤ የዛሬ ሃያ ዓመቱ፣ ወፍራሙ ድምፅ። ጋሽ እንድሪስ መሣቃቸውን አቆሙ። እጃቸው ብድግ አለና አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ከማሽኑ ምት መሐል ገባ። ስንኙ ሲያልቅ አምስቱም እኩል ተቀበሉ። አባዬ አለቀሰ፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የማላለቅሰው።

ስድስት ደቂቃው አልቆ ስፒከሩ ዝም ሲል እነሱ ዝም አላሉም። አባዬ ድቤውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሹክሹክታው መምራት ጀመረ። ድምፁን ለመስማት ሁሉም ወደ እሱ አጎነበሱ፤ ቀስ ብለው ይቀበሉታል። ኢምራን ከማይክ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ሽቦ ይሯሯጣል።

«ተወው» አለው አባዬ። «ና ተቀበለኝ።»

ኢምራን ሽቦውን ጥሎ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። አባዬ ስንኙን አወጣ። ኢምራን ሲቆርጠውና ሲቀጥለው ስንት መቶ ጊዜ የሰማው ስንኝ ነው፤ አባቱ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሳይቀር ያውቃል። ሰዎቹ ተቀበሉ። ኢምራን አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። መልሱን አያውቀውም፤ በገዛ እጁ ነው የሰረዘው። ፊቱ ቀላ፤ ቀና ብሎ አባዬን አየው።

አባዬ ድቤውን ገታ። አልተቆጣም። መልሱን ቀስ ብሎ ለእሱ ብቻ ነገረው፤ ስንኙን ደገመለትና ጠበቀው።