ከጫልቱ ላፕቶፕ የመጡት ፎቶዎች

አባቴ የጫልቱን ፎቶዎች የሰረዛቸው ፈርቶ ነው ወይስ ጠልቶ? እስካሁን መልሱን አላውቅም። ዛሬ አዲሱን ላፕቶፔን ከአሮጌው ጋር በኬብል አገናኝቼ ፋይል ሳሻግር፣ የአሮጌው ማራገቢያ ድምፅ ወደዚያ ከሰዓት መለሰኝ።

ቡራዩ፣ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ ወታደሮች ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። በዚያው ሳምንት የሰፈሩ ጎረምሶች «ውጡልን» እያሉ ከሌላ ክልል የመጡ ተከራዮችን በር በድንጋይ ደብድበዋል፣ የእኛንም ጨምሮ። የአከራያችን ልጅ ጫልቱ ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። በሰልፉ ላይ የተገደለው ወንድሟ የመጨረሻ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ የእናንተን ቤት አይፈትሹም። እርስዎ ጋ ይቀመጡልኝ።»

አባቴ የእሷንና የራሱን ኮምፒውተር በኬብል አገናኘ። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ፣ ስክሪኑ ላይ ያገኘሁትን ፊደል ሁሉ እየለቀምኩ አነብ ነበር። አረንጓዴው መስመር ሞላ።

«ገብቷል። አሁን ካንቺው አጥፊው» አላት። አጠፋችው።

እሷ እንደወጣች ፎቶዎቹን ከራሱም ላይ ሰረዘ።

«ትናንት ውጡልን፣ ዛሬ ደብቁልን» አለ ለብቻው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ምንም አላየሽም።»

በኋላ ለጫልቱ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ አላት። አመነችው፤ እንዲያውም «አይዞዎት ጋሼ፣ ምን ያድርጉ» ብላ አጽናናችው።

እውነቱን የነገርኳት በአባቴ አርባ ማግስት ነው። የግቢያቸው በር ላይ ቆማ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የአባትሽን የለቅሶ ድንኳን የተከለው አባቴ ነው» አለችና በሩን ዘጋችብኝ።