ክር የገባባቸው መርፌዎች

አያቴን ሁሉም ሰው «ቅድስት ነበረች» ይላታል። ይበል። እኔን ግን ጉድ ሠርታኝ ነው የሞተችው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የተቀደደ አንሶላ ስትሰፋ ኖረች። ጡረታ ስትወጣ ሊጣል የነበረ አንድ አንሶላ ለምና አመጣችና ጥያቄዎቿን ትጠልፍበት ጀመር። አዎ፣ ጥያቄዎቿን! ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም፤ መስጊድ በር ላይ ሼኹን አስቁማ ትጠይቃለች፤ ጸሎት ቤት ከጋበዟትም ሰባኪውን ላብ በላብ ታደርገዋለች። አንዴ ቄሱን «አባቴ፣ ፈጣሪ ዓለምን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር?» አለቻቸው።

«ይሄንን የሚጠይቅ ሥራ የፈታ ሰው ነው» አሏት።

«ታዲያ ጡረታ ወጥቼ የለ!»

ቤት ገብታ ባዶ ወንበር ጠለፈች። በሌላ ቀን ደግሞ «በጥፋት ውሃ ጊዜ ዓሦቹ ምን ጽድቅ ኖሯቸው ነው የተረፉት?» ብላ፣ ከረባት ያሰሩ ዓሦች ደረደረች። እንዲህ እንዲህ እያለች አንሶላውን ሞላችው።

ዓይኗ ሲደክም መርፌው ላይ ክር የማስገባው እኔ ሆንኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ፣ በየቅዳሜው ከሰዓት፣ አሥራ አንድ ዓመት! ጓደኞቼ ሲዝናኑ እኔ የክር ጫፍ በምራቄ አሾላለሁ። «የኔ ዓይን» ነበር የምትለኝ። «ይሄ ጨርቅ ያንቺ ነው፤ ስሞት ማንም እንዳይነካብሽ።» በገዛ አፏ ነው ያለችው። እናቴም ሰምታለች።

ትልቁ አጎቴ ግን ያን ጨርቅ ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። «በፈጣሪ ማላገጥ ነው! ይሄ ግድግዳ ላይ እያለ ልጆቼ እዚህ ቤት አይረግጡም» ብሎ ምሎ ወጣ። አራት ዓመት አላመጣቸውም። የመጨረሻውን ልጁንማ አያቴ ከነጭራሹ አይታው አታውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጨርቁ ከግድግዳው ወረደ። «ዳር ዳሩን ላስጌጠው ነው፤ ሳልጨርስ አታዪውም» አለችኝ፤ አመንኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሳምንቱ የሚሆኗትን መርፌዎች ክር እያስገባሁ አዘጋጅላታለሁ። የት እንደምትጥላቸው እንጃ፣ «መርፌ ጠፋብኝ» ባለች ቁጥር ሌላ እገዛላት ነበር። ያኔውኑ አጎቴ ልጆቹን ይዞ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። እኔ ሞኟ፣ ልቡ ራርቶ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ትንሹ ጭኗ ላይ ወጥቶ ጆሮዋን ሲጎትት እሷ ከት ብላ ትስቃለች።

አንድ ማክሰኞ ሞተች። ለቅሶው ሲያበቃ ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ። አንሶላው ባዶ ነው። ወንበሩ የለም፣ ዓሦቹ የሉም፤ ጥግ ላይ የሆስፒታሉ ማኅተም ብቻ ቀርቷል። ክሩ ተተርትሮ በየቀለሙ ተጠቅልሏል። ከሥሩ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ ስከፍተው መርፌ ብቻ። እኔ ክር ያስገባሁባቸው መርፌዎች፣ የዓመቱ በሙሉ፣ አንዱም ሳይነካ! ለካ «ፈጠን በይ እንጂ፣ የኔ ዓይን» ስትለኝ ዓይን ዓይኔን እያየች ነበር የምትዋሸኝ።

አጎቴን ጓሮ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ምን ብለሃት ነው?»

«እኔ ይውረድ ነው ያልኩት» አለ፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «‹ብተረትረው ልጆቹን ታመጣልኛለህ ወይ?› ያለችኝ ራሷ ናት። እሺ አልኳት።»

እሺ አላት! የኔን ጨርቅ እሷ ትሰጣለች፣ እሱ ይቀበላል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ክር አስገባለሁ።

ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እጮህባት ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ሳምንት አኮርፋት ነበር። ከዚያ ግን ቅዳሜ ሲደርስ እመጣ ነበር። በማያይ ዓይኗ ጣቷን እየወጋች ብቻዋን ከምትተረትረው፣ መቀሱን እኔው እይዝላት ነበር።