ከጎረቤት የተሰማ

አቶ ኤልደን ፍሬሪክስ ያን ያህል ያንገሸገሻቸውን የኮሌጆች ኳስ ማኅበር ውጤት ለምን እንቅልፍ አጥተው ይጠብቁ ነበር? ከቤታቸው ፎቅ ላይ ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ብዙ ሌሊት አንሥቼ ጥዬዋለሁ። ሰው የጠላውን ነገር ወይ ጥሎት ይሄዳል፣ ወይ ይለምደዋል። እሳቸው ሁለቱንም እምቢ አሉ።

ሥራቸው ማጫረት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በታልበርግ ከተማ የከብት ገበያ ከፍ ያለ ሰገነት ላይ ተቀምጠው ጥጃና ወይፈን ይሸጣሉ። ምላሳቸው ሲፈጥን በቆሎ ከመፈልፈያ ማሽን ሲወርድ ይመስላል። ለዚያ ድምፅ ብሎ ነው የታልበርግ ኮሌጅ ገና በጎልማሳነታቸው የቅርጫት ኳሱን ማይክ የሰጣቸው። ደመወዝ የለውም፤ የፈለጉትን ያህል ፈንዲሻ ይበላሉ።

ጨዋታው ሲያበቃ ሰው ወዲያው አይወጣም ነበር። ካፖርቱን በአንድ እጁ አጥልቆ ይቆማል። አቶ ኤልደን ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ከጎረቤት የተሰማ» ይላሉ። ከዚያ በዚያው ምሽት የተጫወቱትን የሌሎቹን የማኅበሩ ኮሌጆች ውጤት ያነባሉ። ከወንዙ ማዶ ያለው ዌስኮት ኮሌጅ ካሸነፈ አዳራሹ እንደ ላም «እምቧ» ይላል። ከተሸነፈ ጭብጨባው ጣሪያውን ያነቃንቀዋል። ሰው ሌላኛውን እጁን ካፖርቱ ውስጥ የሚከተው ያን ጊዜ ነው።

የፕሬሪ ወንዝ ማኅበር ስድስት ኮሌጆች ነበሩት። ስድስቱንም ያቋቋሟቸው የማይዋደዱ ሰባኪዎች ናቸው፤ ታልበርግን ሉተራኖቹ፣ ዌስኮትን ሜቶዲስቶቹ፣ ሴንት ኦድራንን ካቶሊኮቹ፣ ሌሎቹንም ሌሎች። ኋላ የልጅ ልጆቻቸው በሃይማኖት መጣላቱን ትተው በኳስ ለመጣላት ተስማሙ፤ ማኅበሩ ከዚህ የበለጠ ትርጉም አልነበረውም። ከስድስቱ የትኛውም ዘንድ ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ተሰዳድቦ፣ ሌሊቱኑ ተመልሶ ጠዋት ላም ማለብ ይቻል ነበር።

ውጤት የሚመጣው በስልክ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ አንድ ደዋይ አለው። የዌስኮቷ ደዋይ ወይዘሮ አርዲስ ክሊንገር ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ያረጁ፣ ሐምራዊ ካፖርት የማይለያቸው ሴት። ሐምራዊ የዌስኮት ቀለም ነው። ማይኩ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ሲጮህ አቶ ኤልደን ያነሣሉ።

«አቤት፣ አንቺ የሜቶዲስት ጉድ።»

«አንተ ከብት ሻጭ፣ ትንፋሽህ በሽቦም ይሸታል። ብዕር ያዝ። ስልሳ አንድ ለሃምሳ ስምንት።»

«ለማን?»

«ለማን ይለኛል እንዴ! ለእኛ ነዋ። ብንሸነፍማ በፖስታ ነበር የምልክልህ።»

የአቶ ኤልደን ባለቤት ወይዘሮ ላቮን የተቀበሩ ቀን ወይዘሮ አርዲስ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ድንችና የአሳማ ሥጋ የተጋገረበት መጥበሻ ይዘዋል፤ ያንኑ ካፖርት ለብሰዋል። «ዛሬ አልሰድብህም፤ ነገ እደውላለሁ» አሉ። በማግሥቱ ደወሉ፤ የቀረውን ሁሉ ጨምረው ሰደቡ። አቶ ኤልደን ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እየመጣ ይስቁ ነበር።

የስድስቱም ውጤት ሳይገባ አይተኙም። የከተማው ራዲዮ በማለዳ ስለሚያነበው ሁሉንም ጽፈው ለራዲዮው ማቀበል ነበረባቸው። በዚያ ዘመን ከምሽቱ አራት ሰዓት አያልፍም ነበር። ኋላ ራዲዮ ጣቢያው ተሸጦ ከሩቅ ከተማ የተቀዳ ዘፈን ብቻ ማሰማት ጀመረ፤ ውጤት የሚጠይቃቸው ጠፋ። እሳቸው ግን መጠበቁን አልተዉም።

መጀመሪያ ሆሊስ ኮሌጅ ሞተ። ተማሪ አጣ፤ የኳስ አዳራሹ የአሳማ መኖ መጋዘን ሆነ። አቶ ኤልደን በዚያ አልተጸየፉም። ማይኩን ይዘው ቆባቸውን አወለቁ፣ «ከጎረቤት የተሰማ፤ ሆሊስ የለም» አሉ፣ ሰውም ቆሞ ዝም አለ። ሞት ነውር አይደለም። ነውሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማርደን ኮሌጅ ራሱን ከሌሎቹ አስበልጦ ወደ ትልቅ ማኅበር ሄደ። ሲሄድ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው በሪባን የታሰረ የፍራፍሬ ቅርጫት ላከ። ልጁን ትቶ የሚሄድ አባት ከረሜላ እንደሚያስታቅፍ ማለት ነው። አቶ ኤልደን ቅርጫቱን ወስደው ለአሳማ ሰጡት። «አሳማውም አናናሱን ተፋው» ይሉ ነበር።

በማርደን ቦታ ከደቡብ፣ ሁለት ግዛት አቋርጦ የሚመጣ ኮሌጅ ገባ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ዘግቶ የክብደት ማንሻ ክፍል ያደረገ። ሴንት ኦድራን ሲወጣ በአሪዞና በረሃ ያለ ኮሌጅ ተተካ። እሱም ስሙን ለአንድ ቱጃር ሸጦ ስለነበር አቶ ኤልደን ማይኩ ላይ ስሙን ሲጠሩ የቤት አሻሻጭ ማስታወቂያ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎ ግሬሻም ወጣ። በመጨረሻም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የፕሬሪ ወንዝ ማኅበር ከሃዋይ አንድ ኮሌጅ ተቀበለ። ፕሬሪ የሚሉት የሣር ሜዳም ወንዝም የሌለበት፣ ውቅያኖስ መካከል ያለ ደሴት! እዚያ ኳስ ሲነጥር አዮዋ ጥርሱን ፍቆ ተኝቷል። ውጤቱ የሚታወቀው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው።

ደዋይም ቀረ። የአዲሶቹ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። አቶ ኤልደን ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒውተሩን ከፍተው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ የበሰበሰ እንቁላል እንዳሸተተ ሰው አፍንጫቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። ውጤቱ ሲወጣ ጮክ ብለው ያነቡታል፤ እኔ ፎቅ ላይ እሰማለሁ። ከዚያ «ቱ!» ይላሉ። ከዚያ መብራቱ ይጠፋል።

አንድ ጠዋት «ለምን አይተኙም? ማንም አይጠይቅዎትም እኮ» አልኳቸው።

«የገዛ ቤትህ ሲዘረፍ ተኝተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ይህ መልስ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጎረቤት ነበር የቀረው። ዌስኮት ነበር፤ ወይዘሮ አርዲስም ይደውሉ ነበር። «ደሴቶቹ እንዴት ናቸው? ሙዝ ላኩልህ?» ይላሉ። «አንቺን ተሸክመው ይሂዱልኝ ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ዕቃው ከባድ ነው አሉኝ» ይሏቸዋል።

በጸደይ የማኅበሩ ኮሚሽነር ወደ ታልበርግ መጣ። ትሬንት ሃሎራን ይባላል፤ ጥርሱ የነጣ፣ ካልሲ የማያደርግ ጎልማሳ። ኮሌጁ ሰዉን አዳራሽ ጠርቶ በስንጥር የተሰካ አይብ አቀረበ። ግድግዳው ላይ የአገሩ ካርታ በራ፤ ነጠብጣቦቹ እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ ዝንብ ያቆሸሸው ወረቀት ይመስላል። ኮሚሽነሩ ስለ ተደራሽነትና ስለ አጋር ተቋማት ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ ድምፁን አለስልሶ፣ «ዌስኮት ኮሌጅ ከማኅበሩ ጋር የነበረውን ቆይታ አጠናቋል» አለ።

አቶ ኤልደን አይቡን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ተነሡ። «ሞተ?»

«አይ፣ አልሞተም፣ አቶ ፍሬሪክስ።»

«እንግዲያው ማን ገደለው?»

ሰው ሳቀ። ኮሚሽነሩም አብሮ ሳቀ። «ማንም አልገደለውም። አዲሱ ደንብ አዳራሹ ሁለት ሺህ ሰው እንዲይዝ ያዛል። የዌስኮት አዳራሽ ጠባብ ነው።»

«ጠባብ መሆኑንማ እናውቃለን። ተጣብበን ስንት ዘመን ተሰዳድበንበታል። ደንቡን ማን አወጣው?»

«አባላቱ በድምፅ ብልጫ ነው ያጸደቁት።»

አቶ ኤልደን ወደ ኮሌጁ ፕሬዚዳንት ወደ ዶክተር ሉአን ፒተርስ ዞሩ። እናቷ ሐሙስ ሐሙስ ከብት ገበያው ውስጥ ፓይ ትሸጥ ነበር፤ እሳቸው በስም ነው የሚጠሯት። «ሉአን፣ እጅሽን አወጣሽ?»

«ኤልደን፣ እባክዎ፣ እዚህ መሀል…»

«አወጣሽ ወይስ አላወጣሽም?»

«የኮሌጁን የወደፊት ዕጣ ማሰብ ነበረብኝ።»

«እኔ ከብት ስሸጥ» አሉ፣ የማጫረት ድምፃቸው መጥቶባቸው፣ «ከብቱ መሀል ይቆማል። ሰው ጥርሱን ያየዋል፣ ጎኑን ይዳስሰዋል። እናንተ ዌስኮትን የሸጣችሁት ዌስኮት በሌለበት ነው። ይህንን የሌባ ገበያ እንኳ አያደርገውም።» አይቡን ግን መዋጥ አልቻሉም። ናፕኪን ውስጥ ተፉት፤ ናፕኪኑን አጥፈው የኮሚሽነሩ ወረቀት ላይ አኖሩትና ወጡ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። የወጥ ቤታቸው ጣሪያ የእኔ ወለል ነው፤ አቶ ኤልደንም ስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ የሚጣሩ ይመስል ይጮሃሉ፤ ከወዲያ ያሉትም አያንሱም።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«የናንተዋም እጇን አውጥታለች አሉ።»

«አውጥታለች።»

ወይዘሮ አርዲስ «አንተ ከብት ሻጭ፣ አሁን እኔ ማንን ልስደብ? ባሌን እንደሆነ ሰድቤ ጨርሼዋለሁ» አሉ።

«እኔን ነዋ። እንደ ወትሮው ደውይ።»

«ምን ብዬ ነው የምደውለው? ከማኅበሩ ከወጣን ወዲያ ውጤታችን እዚያ አይነበብም። የማይነበብ ውጤት መደወል ልመና ነው፣ ኤልደን። እኔ ለምኜ አላውቅም።»

«አነበዋለሁ።»

«ማይኩን ይቀሙሃል።»

«ይቀሙኛ!»

«ስታነበው እደውላለሁ» አሉና ዘጉ። ያን በጋ በሙሉ ስልኩ ጸጥ አለ። አቶ ኤልደን ሲያልፉ ሲያገድሙ እጀታውን እያነሡ መሥራት አለመሥራቱን ያዳምጡ ነበር። ሐሙስ ገበያ ላይ ምላሳቸው እየተሳሰረ አንድ ወይፈን ሁለት ጊዜ ሸጡ። ላቮን ሞተው እንኳ እንዲህ ሆነው አያውቁም አሉ የገበያው ሰዎች።

በኅዳር የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ። ስሙን የሸጠው የአሪዞናው ኮሌጅ በአውሮፕላን መጥቶ ነበር። ለቴሌቪዥን ሲባል አመሻሽ ላይ የተጀመረ ጨዋታ ነው። የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ኬንድራ ለአቶ ኤልደን ወረቀት ሰጠቻቸው። «ከጎረቤት የተሰማ» የሚለው ቀርቶ «የአጋር ተቋማት ውጤት፣ በሣር ማጨጃ መደብራችን አቅራቢነት» ተብሏል።

«እባክዎ አቶ ኤልደን፣ እንደተጻፈው ብቻ» አለቻቸው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እንጀራዋ ነው።

ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የጠረጴዛውን ስልክ አነሡ። ማንም ሳይደውልላቸው፣ እሳቸው ደወሉ። እኔ ከኋላቸው ባለው ወንበር ነበርኩ።

«ስንት ለስንት?»

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ አርዲስ፤ ከበስተጀርባቸው ጫጫታ አለ።

«ብዕር ይዣለሁ።»

«ተሸንፈናል። በፖስታ እልክልሃለሁ።»

«ፖስታ ይዘገያል። አሁን ንገሪኝ።»

ነገሯቸው። ፊሽካው ተነፋ፣ ሰው ካፖርቱን አንሥቶ ሊወጣ ጀመረ፤ በቅርብ ዓመታት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አቶ ኤልደን ወረቀቱን ገልብጠው ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ከጎረቤት የተሰማ» አሉ። ሰው በያለበት ቆመ። «ዌስኮት ኮሌጅ አርባ ዘጠኝ። ተጋጣሚው ሰባ።»

ከላይኛው ረድፍ አንድ ገበሬ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ዌስኮት ተሸንፏልና እግራቸውን ወለሉ ላይ እየደበደቡ፣ እንደ ድሮው፣ በፍጹም ደስታ አጨበጨቡ። የአሪዞና ተጫዋቾች ግራ ገብቷቸው ዙሪያቸውን አዩ።

ኬንድራ እየሮጠች መጥታ ሽቦውን ነቀለች። «የሌሎቹስ? የአባላቱ ውጤት?» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ።

«እነሱ ጎረቤት አይደሉም።»

«ይህን ማይክ ከእንግዲህ ልሰጥዎት አልችልም፤ ያውቁታል።»

«ለሃዋይ ስጪው» አሏት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት በሱሪያቸው እጃቸውን ጠረጉ። ቅባት የነካ ሰው እንደሚጠርግ አድርገው ነው የጠረጉት፤ ደጋግመው።

ቤት ሲደርሱ ስልኩ እየጮኸ ነበር።

«አጨበጨቡ አሉ» አሉ ወይዘሮ አርዲስ።

«መዳፋቸው እስኪያሳክካቸው።»

«እናንተ አሳፋሪዎች!» ሳቃቸው እስከ እኔ ወለል ተሰማ። «ማክሰኞም እንጫወታለን። ማይኩንስ?»

«ወሰዱት።»

«እና የት ልታነበው ነው?»

«ለወይፈኖቹ፤ ሐሙስ፣ ከመሸጣቸው በፊት። እነሱም ከዛሬዎቹ አባላት ይሻላሉ፤ ቢያንስ የሚሸጡ መሆናቸውን አያውቁም።»

ስልኩን ዘጉ። ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። የደሴቱ ጨዋታ ገና አልተጀመረም፤ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ለዜሮ ይላል። አቶ ኤልደን ጥቂት ቆመው አዩት። ከዚያ «ቱ!» አሉ፤ ገመዱን ነቀሉት፤ ወጥ ቤቱ ጨለመ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።