አራተኛው ጎማ

ከባሌ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ፍሬን ነበር። እሱ ጋራዡ ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ እኔ መሪው ፊት ተቀምጬ ፔዳል እየረገጥኩ። ከፍሬን ቱቦ ውስጥ አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ከፍቶ አየሩን ያስወጣና መልሶ ይዘጋል። የረገጠው ሰው እግሩን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ካነሳ ቱቦው አየር ይስባል፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«እንዳትለቂ!»

«አለቅም አልኩህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቼ ለቀቅኩ?»

ከመኪናው ሥር ሳቁ መጣ።

ከፔዳሉ ከሚርቀው ጎማ ጀምረን ሦስቱን ጨረስን። አራተኛው፣ የፊት ግራው ላይ ስንደርስ ዘይቱ አለቀ። «ነገ ገዝቼ እመጣለሁ» አለ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ወደቀ፤ አልተነሳም። ቦርሳውን ሲያመጡልኝ የፍሬን ዘይቱ ውስጡ ነበር። ጠዋት ሲሄድ ገዝቶት ኖሯል።

መኪናዋ እዚህ ሰው አገር ፈረንጆቹ ሆት ሮድ የሚሏት፣ ከአሮጌ ቀፎ በእጅ የምትሠራ ዓይነት ናት። ቀፎዋን ከአንድ ገበሬ በረት ጀርባ፣ ሣር በቅሎባት ነው ያገኛት። ጣራዋን ቆርጦ ዝቅ አደረገው። ሞተሩ ከሌላ አሮጌ መኪና፣ መቀመጫው ከተጣለ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የመጣ ነው። ፓራፋንጎ የላትም፤ ኮፈንም የላትም፤ ሞተሩ እንደተገለጠ ነው። አዲስ ዕቃ አይገባባትም ብሎ ስድስት ዓመት ለፋባት። ቀለሟ ግራጫ አንቲረስት ብቻ ነው። እሱ ሲሞት ታርጋ ከወጣላት ወር አልሞላትም ነበር። መንገድ ላይ አንድ ቀን እንኳን አልነዳትም።

ከአርባው በኋላ ታላቅ ወንድሙ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ለቅሶውን ያስተናገዱት፣ ድንኳኑን የተከሉት እሳቸው ናቸው። «ገዢ አግኝቻለሁ» አሉኝ። «ቅዳሜ በጭነት መኪና መጥቶ ይወስዳታል። እያየሻት ከምታለቅሺ ይሻላል።»

«እያየኋት አላለቀስኩም» አልኳቸው።

«እሱ ያልነዳት መኪና ምን ታደርግልሻለች? ብረት ናት።»

ወረቀቷ በባሌና በእኔ ስም ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ የትም አትሄድም። ግን ነገሩ ፊርማ አልነበረም። ስድስት ዓመት የተለፋባት መኪና በሰው መኪና ላይ ተጭና፣ እንደ ሬሳ ከግቢዬ አትወጣም። በራሷ ጎማ ትወጣለች፤ የምነዳትም እኔ ነኝ። ይህን የወሰንኩት እዚያው ፊታቸው ነው፤ አልነገርኳቸውም።

አርብ ጠዋት ጎረቤቴን እትዬን ጠራኋቸው። ሰባ ያለፋቸው፣ ለሕፃን እንኳ ከመቀመጫቸው የሚነሱ ሴት ናቸው። ጫማቸውን ጋራዡ በር ላይ አውልቀው ገቡ።

«እትዬ፣ ጫማ ይልበሱ፤ ወለሉ ዘይት ነው።»

«የሟች እጅ ያረፈበት ነው ልጄ። በጫማ አልገባም።»

በካልሲ ፔዳሉን ረገጡ። እኔ ከከሌ በላይ የሱን ቱታ ደርቤ፣ እጅጌውን ሦስቴ አጥፌ፣ የፊት ግራው ጎማ ሥር ተኛሁ። ቡሎኗን ከፈትኩ። ዘይቱ አረፋ እየተፋ መውጣት ሲጀምር ጋሼ በጋራዡ በር ገቡ።

«ኖር!» አሉ እትዬ፣ እግራቸውን ከፔዳሉ አንስተው ብድግ እያሉ።

ቱቦው ፉት ሲል ሰማሁ። የወጣው አየር ሁሉ ተመልሶ ገባ።

«እትዬ! እግርዎ!»

«ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጬ ልቆይ? እንዲህ አላደግኩም!»

«በግዜር፣ በግዜር» ይላሉ ጋሼ፤ ከዚያ እኔን ከነቱታዬ አዩኝ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፍሬን እየሠራሁ።»

«ከል ለብሰሽ፣ ዓመት ሳይሞላሽ፣ በዚህች ጩኸታም መኪና፣ ሐበሻው በሞላበት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ልትታዪ? ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይላል። አሁን ወንበር ያውና፤ ይቀመጡ። ቡሎኑን እስክዘጋ ማንም አይነሳም፣ ማንም አይገባም።»

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ቆመው ቀሩ። እትዬ ግን ወደ ፔዳሉ ተመለሱ፤ «ይቅር በሉኝ ጋሼ፣ ዛሬ አልነሳልዎትም» እያሉ። ከሩቁ ጎማ እንደገና ጀምረን አራቱንም ጨረስን። ፔዳሉን ራሴ ረገጥኩት፤ ጠንክሮ ቆመ።

ባሌ እግረ ረጅም ስለነበር ፔዳሉ ይርቀኛል። ቱታውን አውልቄ በከሌ ገባሁ፤ የሱን ጋቢ አጥፌ ከጀርባዬ አደረግኩ። ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ሲነሳ የጋራዡ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ግቢው ውስጥ ሁለት ጊዜ እየነዳሁ አቆምኳት፤ ያዘች። ወደ መንገዱ ስወጣ ጋሼ መውጫው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ነበር። ቀስ ብዬ ቀረብኩና ረገጥኩ። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ፍሬኗን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይይዛል» አሉና ዞር አሉልኝ።

መሪዋ ወደ ቀኝ ይጎትታል። የሞተሩ ሙቀት ቅልጥሜን ይጠብሰኛል። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ መብራት ስጠብቅ ሞተሯ ጠፋብኝ፤ ከኋላዬ ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። አስነሳኋት። አጠገቤ ያለው ፒክአፕ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ማን ሠራት ብሎ ጮኸ። «ባሌ» አልኩት፤ ቀጥዬ ደግሞ «እኔም» አልኩ።

ሞርስ ሮድ ላይ፣ እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ ደጃፍ፣ የዕድራችን ሴቶች ቆመው ነበር። አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከል ለብሳ!» ስትል በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሰማኋት። አንገቴን ደፍቼ ማለፍ እችል ነበር። ወደፊት ሄጄ ዞርኩና በፊታቸው እንደገና አለፍኩ፤ ቀና ብዬ፣ ቀስ ብዬ።

አጠገቤ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር። በዚህስ አልዋሽም። መንገዱን ሁሉ ባዶ ነበር።

ገዢው ቅዳሜ መጣ። አትሸጥም አልኩት፤ ባዶ ጭነት መኪናውን ይዞ ሄደ። ጋሼ ሁለት ሳምንት አልደወሉልኝም። በሦስተኛው ደውለው «ዘይቷን ታያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

አያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የፍሬን ዘይቷን አያለሁ፣ ጋቢውን ከጀርባዬ አደርጋለሁ፣ እስከ ሞርስ ሮድ ነድቼ እመለሳለሁ።