ሐምራዊ ካልሲ

በወንድሜ መኪና ጋቢና ውስጥ ጫማ አውልቆ መቀመጥ ሕግ የሆነው፣ እናቴ ከገዳም በጀሪካን ያመጣችው ጠበል እግሯ ሥር ከፈሰሰባት ወዲህ ነው። ጠበል በጫማ አይረገጥም። ምንጣፉ ግን ወር አልፎትም አልደረቀም። እናቴ በረከት ነው አለች። በደባርቅ ብርድ እግሯን ያሞቃት ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ይፈለጋል?

በዚያው ሰሞን መኪናው ይፈላ ጀመር። ወንድሜ ዳባት እስኪደርስ ሁለት ጊዜ እየቆመ ራዲያተሩን የቧንቧ ውሃ ይሞላል። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ አየ፣ ቱቦዎቹን ዳበሰ፣ አንዲት ጠብታ አላገኘም። ወደ ውጭ ካልፈሰሰ ሞተሩ እየጠጣው ነው አለና ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ይከፈት ብሎ ፈረደ፤ ዐሥር ቀን ይፈጃል። ቀኑ ሐሙስ ነበር። እሑድ ደግሞ መኪናው ሦስት ሽማግሌዎች ዳባት ማድረስ አለበት፤ ወንድሜ የወደዳትን ልጅ ሊጠይቁለት። አባቷ ሌላ ሽማግሌ የላከ ሰው እንዳለ አልደበቁም። በሚኒባስ ይሂዱ ብዬ ብመክረው፣ ባለመኪና ነኝ ብዬ ሽማግሌዎቼን አጋፍቼ ልላክ? ብሎ ተቆጣኝ።

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ ስለሆነ የተጻፈ ነገር አላልፍም፤ የመኪናውን መመሪያ እንኳ መዝገበ ቃላት ይዤ ጨርሼዋለሁ። ማሞቂያው የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ እንደሆነ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላም ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ራዲያተር እንዳለች ያነበብኩት እዚያ ነው። ማሞቂያው ሲበራ መስታወቱ ለምን ጉም እንደሚለብስ ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃው ከዚያች ራዲያተር ምንጣፉ ላይ እንደሚፈስ ለወንድሜ ብነግረው፣ ለእናታችን እንዳትደግሚው አለኝ። መካኒኩ ግን ሳቀ።

«እኅቴ፣ መኪና በመዝገበ ቃላት አይታከምም።»

መከራከር አልወድም። ሁለት ጠርሙስ ሐምራዊ የማኅተም ቀለም ከሱቅ ገዛሁ፤ የመሥሪያ ቤቱን አልነካሁም፣ በዚህ ጥንቁቅ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጥኩት። ከዚያ እናታችንን ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርስ፣ ማሞቂያውንም እንዲያበራላት ወንድሜን ለመንኩት። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እናቴ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ ስትል ነጭ ካልሲዋ ሐምራዊ ሆኗል። ወንድሜ ካልሲውን አየ፣ ምንጣፉን አየ። እናቴ ያየችው የእኔን ጣቶች ነው።

«ይኼ የመዝገብ ቤት ቀለም አይደለም?»

«ነው እማዬ። ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሬው ነው።»

«እና የረገጥኩት?»

«የቧንቧ ውሃ።»

ጫማዋን ቀስ ብላ አጠለቀች። «መጀመሪያ የፈሰሰው ጠበል ነው» አለች፤ «የእናንተ ቧንቧ ኋላ ነው የተጨመረበት።» ቀና ብላ ገባች።

መካኒኩ ከሰዓት በኋላ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ነቅሎ እርስ በርስ አገናኛቸው። ቴስታታውን አላነሣውም፤ እኔንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እሑድ መኪናው ሳይፈላ ዳባት ገባ። ማሞቂያ ስለሌለው ሽማግሌዎቹ በጋቢ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጡ ነበር። የጫማውን ሕግ ግን እናቴ አልሻረችም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋቢና የተቀመጡት የንስሐ አባቷ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ገና ያልደረቀውን ምንጣፍ ረግጠው ሄዱ። የልጅቷ አባት እንግዶቹን እንደቆሙ ሲሰሟቸው፣ ዓይናቸው ከንስሐ አባቷ ነጠላ ጫማ በላይ ካለው ሐምራዊ ካልሲ አልነቀል አለ።

«አባ፣ የመጣችሁት ከቀበሌ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸውና፣ በሉ ተቀመጡ አሏቸው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።