ለለተሥላሴ የወረደ ሙሾ

«ጓሳ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱን ቢጋርደው… እምም… እምም…»

እማማ ለተሥላሴ ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቷቸው ከምድጃው እስከ ደጃፉ ይመላለሳሉ። ከጃንሆይ ዘመን እስከ ኢሕአዴግ፣ በሞላሌ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሬሳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ልጃቸውን ሰርካለምን እንኳ «አንቺ ሴትዮ» ነው የሚሏት። ከትናንት ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም።

«በሞቴ፣ እማዬ፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«ሬሳ ሳይወጣ አልቃሽ ትበላለች? ምን ያለሽው ባለጌ ነሽ!»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ሰው ሞቶ ትዋሺኛለሽ!»

ሰርካለም ስትለምን ውላ ደከማት። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ለተሥላሴ ናታ! ያቺ አልቃሿ። አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰላትም።»

ሰርካለም ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ በእናቷ ዜማ አወረደችው፦

«ያገሩን ሙት ሁሉ በዜማ ሸኝተሽ፣
የራስሽ ቀን ሲደርስ ቃል አጣሽ ጨርሰሽ።»

እማማ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ሰርካለምም አብራ አነባች። እንባው ሲወጣላቸው አሮጊቷ በረዥሙ ተነፈሱ።

«እሰይ፣ ተቀበረች።»

ሰርካለም ከቀብር እንደተመለሰ ለቀስተኛ እጃቸውን አስታጥባ ንፍሮ አቀረበችላቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉና መደቡ ላይ ቁጭ ብለው መብላት ጀመሩ።